በመዳፏ ታሞቀው የነበረው ደም

ሐትኖ ብዬ የምጠራት የእናቴ ታላቅ እህት ባለፈው ክረምት አረፈች። እዚሁ አስመራ፣ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ስትሠራ ኖራለች። የሕመምተኛ ደም በቀጭን ብልቃጥ ስትቀበል በመዳፏ ጨብጣ ታሞቀውና፣ ቀስ እያለች እያዘነበለች እስኪረጋ ትጠብቃለች። ከረጋም በኋላ አትለቀውም። ባልደረቦቿን፣ "የረጋ ደም መልሶ ይሟሟል፤ ዐይናችሁን አትንቀሉ" ትላቸው ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ዕለት ደሜ አልቆም አለ። ሐትኖ ከደሜ ቀድታ፣ ብልቃጡን እንደ ልማዷ ጨብጣ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። የጃንሆይ መንግሥት ከአዲስ አበባ የላከው ሐኪም ጠጋ ብሎ፣ "ሲስተር፣ ረጋ ወይ?" አላት።

"ረግቶ ነበር ዶክተር። አሁን ተመልሶ ውሃ ሆነ።"

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። "እንግዲያው ደሟ መርጋት አቅቶታል፤ ትኩስ ደም ያስፈልጋታል፤ አሁኑኑ!" አለ።

የደማችን ዓይነት አንድ ነበርና ሐትኖ እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኔ ተጋደመች። ደሟ ሲቀዳ፣ "ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ" ትለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደሜ ቆመ። እሷ ግን እኔ እህል እስክቀምስ ድረስ ቤቷ አልሄደችም።

ሰሞኑን ሁለተኛ ልጄን በዚያው ክፍል ተገላገልኩ። ሁሉም በደኅና አለፈ። ባለቤቴ ገዛ ባንዳ ከሚባለው ሰፈር በእግሩ እየሮጠ መጣ፤ እናቴም ዘመዶቼም አልጋዬን ከበቡኝ። ነርሷ፣ "የጎደለሽ ነገር አለ?" ብትለኝ፣ "ምንም የለም" አልኳት።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና እል ነበር።