ዲጅኖውን አትልቀቅ

ጁሀር ፊደል ቆጥሮ አልጨረሰም። ስሙን ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል። ግን ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ ሰፈር ውስጥ ስድስት ሆነው በሚኖሩባት ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ አስተማሪው እሱ ነበር።

ከወሎ መጥቶ ደማም ወደብ ላይ ዓመታት ጭነት ተሸክሟል። ኋላ አንድ ጋራዥ በቀን ሥራ ገብቶ፣ ከባድ ነገር በትከሻ ሳይሆን በዘዴ እንደሚነሣ በዓይኑ ተማረ። ያቺኑ ነው የሚያስተምረው። መሣሪያው የመጥረጊያ እንጨት፣ የብሎኬት ስባሪና የጋዝ ሲሊንደር ነው።

«ድጋፉን ወደ ሸክሙ አስጠጋው። እንጨቱን ከጫፉ ያዝ። በል ተጫን!» ይላል። ሲሊንደሩ ብድግ ሲል፣ «አያችሁ? ጉልበቱን የጨመረላችሁ እንጨቱ ነው።»

«ጋሼ ጁሀር በመጥረጊያ መሐንዲስ ሆኑ እኮ!» ይላል አብሯቸው የሚኖረው ከፈለኝ፣ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ።

«ሳቅ አንተ! ተሸካሚ አርባ ሳይሞላው ወገቡ ያልቃል። ሜካኒክ ግን ስልሳ ዓመቱም ቢሆን ይፈለጋል።»

የማይስቀው ደሬሳ ብቻ ነበር። ደሬሳ በረሃ ላይ ግመል ሲጠብቅ ከካፊሉ፣ ከአሠሪው የጠፋ ነው፤ ካፊሉም ሁሩብ ብሎ፣ ጠፍቷል ብሎ አስመዝግቦበታል። ጁሀርም ያው ሁሩብ ነው። ጊዜው በፈረንጅ 2013 ነበር። መንግሥት ወረቀት የሌለው ሁሉ ወይ ያስተካክል ወይ ይውጣ ብሎ የሰጠው ቀን እያለቀ ነው። የጋራዡ ባለቤት አቡ ፈሀድ ጁሀርን «ካፊልህ ሆኜ ወረቀትህን ወደ ስሜ አዞራለሁ። ሥራ የሚችል አንድ ሰው ካመጣህ እሱንም» ብለውታል።

ደሬሳ ሦስት ሳምንት ተማረ። ጎበዝ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ነበረችው፤ ጁሀር ብሎኬቱን ሊያስተካክል ጎንበስ ባለ ቁጥር «ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ እኔ እያለሁ!» ብሎ እንጨቱን ጥሎ ከእጁ ይቀበለዋል። ሲሊንደሩ ምንጣፉ ላይ ዱብ ይላል። ጁሀርም ደስ ይለዋል። «እደግ፣ የጨዋ ልጅ» ብሎ ይመርቀዋል።

መንግሥት የሰጠው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሁለቱ ኢንዱስትሪ ከተማው ውስጥ ወዳለው ጋራዥ ሄዱ። አቡ ፈሀድ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። መሬት ላይ የተቀመጠ የከባድ መኪና ካምቢዮ ለደሬሳ አሳዩትና «ክሪክ እስኪገባ ድረስ አንሣው» አሉ።

ደሬሳ ቢስሚላህ ብሎ ዲጅኖውን ከሥሩ ሰደደ። የጣውላ ድጋፉን አስጠጋ፣ ጫፉን ይዞ ተጫነ። ያ ሁለት ሰው የማይነቀንቀው ብረት ተነሣ። ጁሀር በሆዱ አልሐምዱሊላህ አለ።

አቡ ፈሀድ ግን ሥሩን ማየት ፈለጉ። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ጎነበሱ፤ አጠገባቸው የነበረውን የግንድ ጉማጅ አንሥተው ብረቱን እንዲደግፍ ራሳቸው ሊወትፉ እጃቸውን ሰደዱ። ጁሀር አየ። አፉን ሳይከፍት ደሬሳ ቀደመው።

«ኧረ አባቴ፣ እኔ እያለሁ!» ብሎ ዲጅኖውን ለቀቀ።

ብረቱ ወረደ። ሽማግሌው እጃቸውን ለጥቂት አተረፉ፤ ግንዱ ተሰነጠቀ።

«ኸላስ፣ በቃ!» አሉ። «እጄን ሊቆርጠኝ ነበር!»

ደሬሳ ሊቀበላቸው የዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጁሀር ድጋፉን፣ ርቀቱን፣ አያያዙን ሁሉ ነግሮታል። ይሄን ግን አልነገረውም። እንዲያውም መርቆበታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። በአላህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት» አለና መልስ ሳይጠብቅ ተንበረከከ። «ደሬሳ፣ አንሣው።»

ካምቢዮው ሲነሣ ጁሀር ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ከብረቱ ሥር ከተተ።

«ይኸው ታላቅህ ጎንብሻለሁ። እንዳትነሣልኝ። ልቀቅ ብልህም አትልቀቅ።»

የደሬሳ ክንዶች ይርገበገቡ ጀመር። ላቡና እንባው ተቀላቀለ። «ጋሼ፣ ያውጡት፣ በአላህ ያውጡት» እያለ ለመነ። ግን አልለቀቀም።

አቡ ፈሀድ ቆመው አዩ። ፊታቸው የለዘበ መስሎት ጁሀር ተስፋ አደረገ። እሳቸው ግን የገዛ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩና አንድ ጣት ቀሰሩ።

«አንድ ሰው ብቻ። አንተ ነገ ወረቀትህን ይዘህ ና። እሱን ባየሁት ቁጥር እጄን ነው የማስታውሰው» አሉና ለሶላት ወጡ።

ጁሀር እጁን አወጣ። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«በቃ ደሬሳዬ፣ ልቀቀው።»

ደሬሳ ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ብረቱ ላይ እንደተከለ ነው።

«ልቀቅ ብልህም አትልቀቅ ብለውኛል» አለ።

ጁሀር የተሰነጠቀውን ግንድ አንሥቶ ከብረቱ ሥር ወተፈለት።