የዳሯ ቱቦ

ነቀምቴ ውስጥ ዳገት ላይ ላለ አንድ ግቢ አፈሩን የሚደግፍ የኮንክሪት ግንብ ሠራሁ፤ ውሃ እንዲወጣም ስምንት ቱቦ ቀበርኩበት። ክረምት ላይ ላየው ብሄድ ሰባቱ ድፍርስ ውሃ ያፈሳሉ። የዳሯን ግን የግቢው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ በጨርቅ ወትፈዋታል።

ደሜ ፈላ። «አዴ፣ ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን ይጥለዋል እኮ! እባብ ፈርተው ከሆነ ወንፊት አስርልዎታለሁ» አልኳቸው።

«እባብ አይደለም፤ ተዋት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ ደግሞ መቼ ሰው እሰማለሁ! የጨርቁን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ። ግማሹ እንደወጣ ከአፈሩ በኩል የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሳበው። ብታገልም ጨርቁ ከጣቶቼ ሙልጭ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ዞር ስል ሴትዮዋ ሌላ ጨርቅ አጣጥፈው ይዘዋል።

«የዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው» አሉኝ።