የፎልደሬ ተዝካር

ትናንት ጠዋት ድፎ ዳቦ ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ። ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት። የበሩ ጥበቃ ፌስታሉን ሲፈትሽ ሽታው አወደው መሰለኝ ፈገግ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ተዝካር ነው» አልኩት።

«ውይ! ነፍስ ይማር! ማን ሞተብሽ?»

«ፎልደሬ...»

ግራ ገብቶት ለማንኛውም አማተበ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። እዚሁ ጉለሌ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ጸሐፊ ነኝ። ዓመት ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ የአይቲ ባለሙያችን ዳግም ኮምፒውተሮቹን በሙሉ አዲሱን ዊንዶውስ ጭኖባቸው ጠበቀኝ። ፎልደር ስከፍት ከላይ ተደርድረው የማውቃቸው ቃላት የሉም። ኮፒ፣ ሙቭ፣ ዲሊት፣ ሪኔም የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ በምትኩ ጥቃቅን ሥዕሎች ተኮልኩለዋል። መነጽር አድርጌም አልለያቸውም።

በሁለተኛው ቀን የኃላፊያችንን የወይዘሮ መሠረትን ቃለ ጉባኤ ጽፌ ጨረስኩና ቦታው ላስቀምጠው አልኩ። ከሥዕሎቹ አንዷ ክዳን ያላት ሙዳይ ትመስላለች። ማስቀመጫ ናት ብዬ ተጫንኳት። እውነትም አስቀመጠችው... ቆሻሻ መጣያ ውስጥ። ለካ ሙዳይ ያልኳት የቆሻሻ ቅርጫት ኖራለች!

ቃለ ጉባኤው ከቆሻሻው ተፈልጎ እስኪወጣ ስብሰባው ግማሽ ቀን ቆመ። ወይዘሮ መሠረት ቢሯቸው ጠሩኝ።

«አስካለ፣ በሁለት ወር ውስጥ ካልለመድሽው መዝገብ ቤት ብትሆኚ ይሻላል» አሉኝ።

የእኛ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው ያለው። መስኮት የለውም። ሰው እዚያ የሚላከው ጡረታውን እንዲጠብቅ ነው።

ዳግም ጋ ሄድኩ። ምሳ ክፍል ውስጥ ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ዳግምዬ፣ እባክህ የድሮውን መልስልኝ።»

ቀና እንኳን አላለም።

«አይመለስም እትዬ አስካለ። የድሮው ሞቷል፣ በቃ! ይልቅ ተዝካሩን አውጪ!»

የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ተዝካር» ሆነ። «ተዝካር፣ ይቺን ደብዳቤ ምቺልኝ»፣ «ተዝካር፣ ስቴፕለር አለሽ?»... አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ውስጥ! ተዋረድኩ።

እሱ በነጋታው ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጠዋት ለጸሎት ስቆም ፊቱ ይመጣብኛል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ... ስለዚህ ጸሎቱን ለጊዜው ተውኩትና ቂሙን ያዝኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ካሌንደር አርባ ቀን ቆጥሬ አከበብኩ። ተዝካር አውጪ አይደል ያለኝ? በደንቡ አወጣለታለሁ!

ከዚያ በታክሲ ስመላለስ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የድሮውን የመለሱ ሰዎች ሞልተዋል። የሚጻፍ ትእዛዝ አለው፣ ጥቁር መስኮት ተከፍቶ እዚያ ላይ። አንድ ቀን ሁሉም ምሳ ሲወጣ ጻፍኩት። እምቢ አለ። አንዲት ፊደል ስቻለሁ። እንደገና ጻፍኩት። ድንገት ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ድርግም አለ።

«መድኃኔዓለም! በቃ፣ መዝገብ ቤት ገባሁ» አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ተመለሰ። ፎልደሬን ከፈትኩ... ቃላቱ ሁሉ በየቦታቸው ቁጭ ብለዋል። አለቀስኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሐሳቤ በአርባኛው ቀን ስብሰባ ላይ ዳቦውን ቆርሼ፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሬ ጠርቼ ዳግምን በሰው ፊት ማሳፈር ነበር።

ትናንት አርባው ሞላ። የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ዳቦዬን ቆራርሼ አዘጋጀሁ። አፌን ልከፍት ስል ግን ዳግም ቀደመኝና የሥራ እቅዱን ሊያሳይ ላፕቶፑን ፕሮጀክተሩ ላይ ሰካ። ፎልደሩን ከፈተ።

ግድግዳው ላይ... ኮፒ። ሙቭ። ዲሊት። ሪኔም። በቃል ተጽፈው፣ ክንድ ክንድ አክለው!

የድሮው ነው። ሞቷል የተባለው። ዳግም ላፕቶፕ ውስጥ በሰላም ይኖራል!

ደሜ ፈላ። ሰውዬው አይመለስም ሲለኝ እያወቀ ነበር። የእኔን ገድሎ የራሱን ሲቀልብ ከርሟል!

ወይዘሮ መሠረት መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዳግም፣ ይሄ አይመለስም ያልከው አይደለም እንዴ?»

«እ... ማለቴ... እኔ እንኳን ሥራ እንዲቀለኝ ብዬ ነው...»

«ለእኛስ እንዲከብደን ነው?»

ተነሣሁ። ትልቁን ቁራሽ መርጬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ብላ ዳግምዬ። አርባው ዛሬ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። አላዘንኩለትም... ቅንጣት ታህል!

ወይዘሮ መሠረት ዛሬውኑ የሁላችንንም መልስ ብለው አዘዙት። አሥራ አራት ኮምፒውተር። ስሙ ዳግም አይደል? ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ዳግም ዳግም ሲል ዋለ። ወደ ማምሻው እኔ ጋ ደረሰ።

«የአንቺንም ልመልስልሽ?» አለኝ ዓይኔን ሳያይ።

ስክሪኑን አዞርኩለት። አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ማን ሠራልሽ?»

«ተዝካር» አልኩት።

መዝገብ ቤት የመግባቱ ወሬም በዚያው ቀረ። ሬሳውን አልጋው ሥር ደብቆ ለቀስተኛን ተዝካር አውጪ የሚል ሰው... ሲያንሰው ነው!