መልሴን ያነበበልኝ ሰው

ዛሬ ከባሌ ጋር ታርቄያለሁ። ይህን ያወቅሁት ከሽማግሌዎቹ ፈገግታ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ፍቺ ስጠይቅ መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩ ተባልን። ሕጉ መስማት ለማትችል አስተርጓሚ ይገባታል ይላል። በአካባቢው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሲፈለግ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ ባሌ። (ሕጉ አልተጣሰም ማለት ነው።)

ስለዚህ "ትመለሻለሽ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልሴን ስልኬ ላይ ጽፌ ለሰብሳቢው ቄስ ሰጠኋቸው። ኪሳቸውን ዳበሱ። መነጽራቸውን ደብረ ኤልያስ ረስተውት መጥተዋል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ፊደል አልቆጠሩም።

ስልኩን ለባሌ አቀበሉት። "አንብብልን።"

ከንፈሩን እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ አነበበ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ፈገግ አሉ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ፣ እጄን አወራጨሁ። ቄሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ከንፈራቸውን እንዳነብ ቀስ ብለው "አይዞሽ ልጄ፣ እሱም ይቅር ብሎሻል" አሉኝ። ከዚያ ሁሉም ለምርቃት ተነሡ።

ስልኩን መልሶልኛል። የጻፍኩት አሁንም አለ፦ "ወደዚያ ቤት አልመለስም። እፈራዋለሁ።"

ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

በእናንተ ፈንታ ሌላ ሰው መልስ ሰጥቶ ያውቃል? ጻፉልኝ። እሱን እንኳ ራሴ አነበዋለሁ።