«ልጄ ይሙት ይበሉ»

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመጣ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። አንዱ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «አስተማሪ ነህ? ጥሩ፣ የምንወስድህ ቦታ ተማሪ ሞልቶልሃል» አለኝ። የወሰዱኝ ድሮ የድንች መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። የበሰበሰ ድንች ሽታ ከሰው ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የእንጅባራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ የለበስነውን ያረጥበው ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ከሰል እያከሰሉ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጥቁረቱ ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም። ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር። እሱ ሸሽቶ ሲያመልጥ አባቱን ይዘው መጡ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለን ፊልም እተርክ ነበር። ደጋግመው የሚያስተርኩኝ አንዱን ብቻ ነው፣ ያንን የቆየ የህንድ ፊልም። የእኔ ዕድሜ ሆኖ ዳንግላ ቪዲዮ ቤት ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። አባትየው መሬቱን ላለማጣት ዳኛ ፊት ይቆምና እጁን የበኩር ልጁ ራስ ላይ ጭኖ በሐሰት ይምላል። ህንድኛውን ማን ያውቃል! በማይክ የሚተረጉምልን ሰውዬ ግን በእኛው ወግ «ልጄ ይሙት!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይሞታል። ይህን ሁሉ እያወቅን ተመልሰን እንገባ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያየው የራሱን አባት ነው። ደረቅ የምንለው እስረኛ እንኳ እዚያ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ ቀን እየተረክሁ በሩ ተከፈተ። መርማሪው ነው። ለካ ውጭ ቆሞ ሲሰማ ቆይቷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ዳንግላ ነው ያየኸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም እዚያው ነው። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ እራት ሳትበላ ነው ያደረችው።»

ከእንግዲህስ ይራራልናል ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴ! እሱ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸውን አንድም ቀን አንተ ብሎ አያውቅም።

«አባባ፣ ልጅዎ ያለበትን አላውቅም ብለዋል። እሺ። ‹ልጄ ይሙት፣ አላውቅም› ይበሉና አሁኑኑ ቤትዎ ይግቡ።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እኔ ልሙት፣ አላውቅም» አሉ።

«እርስዎማ መቼም ሟች ነዎት። በልጅዎ ይማሉልኝ።»

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «አየህ አስተማሪ፣ ፊልምህ በጀን። ያውቃሉ ማለት ነው።»

ወሰዷቸው። ግድግዳው ስስ ስለነበር ሁሉም ይሰማናል። ዱላው ባረፈ ቁጥር የመርማሪው ድምፅ «ይማሉልኝ፣ አባባ» ይላል፤ በትሕትና። ሲመልሷቸው ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሸሚዜን ቀድጄ አሰርሁላቸው።

«አባባ፣ ቃል እኮ ነው። ይበሉትና ይውጡ» አልኋቸው።

«ፊልሙ ላይ አባትየው ብሎት የለም?»

«ብሎታል።»

«ልጁስ?»

«ሞተ። ግን እኮ ፊልም ነው።»

«ፊልም ከሆነ፣ አንተ እዚያ ስትደርስ ድምፅህ የሚቆራረጠው ምን ሆነህ ነው?»

የእጃቸውን ማሰሪያ እንደገና አጠበቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ እንደገና ጠየቃቸው። ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ልንረዳቸው ብንነሣ አልፈለጉም።

«ጌታው፣ እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ። ልጄን ግን በአፌ አልገድለውም» አሉ።

ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። ጠባቂው «በሽታ ነበረባቸው» ብሎ ነገረን። ጎረቤታቸው በአገውኛ አንድ ነገር ብሎ አለቀሰ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያንን መርማሪ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እንባው የእውነት መሆኑ ነው።

ፊልሙ ዛሬም አላረጀም። ጫግኒ መናኸሪያ ያለ ሻይ ቤት ውስጥ ሲታይ አይቻለሁ፤ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አባትየው እጁን ከልጁ ራስ ላይ ሳያሳርፍ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ባለፈው በጋ አንድ ጎልማሳ የማስተምርበት ቦታ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። የሽማግሌው ልጅ ነው፤ በምሕረት ገብቷል። ቁጭ አልን።

«አንዳንድ ሰው አባትህ ለመውጣት ብሎ ምሎብሃል ይለኛል። ምሎም ቢሆን አልቀየመው። ብቻ እውነቱን ልወቅ ብዬ ነው» አለኝ።

«አልማለብህም።»

«እየመቱትም?»

«እየመቱትም።»

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ምነው በማለብኝ» አለ።