ኦሲሎስኮፕ ልገዛ የወጣሁ ቅዳሜ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ቀን ነበር፣ ረፋድ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ በመስታወት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል ብል ውሸት ነው፤ ጠባሳውን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የሰው ድምፅ ነው። መንገድ ላይ ሰው ከፍ አድርጎ ሲጣራ ከሰማሁ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ይሸማቀቃል። ለዚህ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

በሙያዬ የኤሌክትሮኒክስ ሰው አይደለሁም። የምሠራው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ ዕቃ መፈታታት እወዳለሁ። የጎረቤት ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ቻርጀር እጠግናለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ድምፅ ማጉያ እገጣጥማለሁ። በዚያን ሰሞን የሠራሁት ማጉያ ግን እምቢ አለኝ። ሙዚቃው ከሥሩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይዞ ይወጣል። ቴስተር ይዤ ስንት ቀን ፈለግኩ። ቴስተር ግን የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ጉዱ የት እንደሚጀምር ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልገኝ ነበር። ኦሲሎስኮፕ ማለት ኤሌክትሪኩ ሽቦው ውስጥ እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል ስክሪን ላይ እየሣለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ወር ሙሉ ሳማርጥ ከረምኩ። ኪስ የሚገባ ትንሽ አለ። እሱ ርካሽ ነው፣ ግን የሚያሳየው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካም አለ፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ለመነሳት ራሱ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ልቤን የወሰደው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ሁለት መስመር ጎን ለጎን የሚያሳየው ነው። አዲሱ ግን ከአቅሜ በላይ ነበር። ባለቤቴ ሰላም ትንሹን ገዝቼ ሥራዬን እንድጨርስ ብትመክረኝም አልሰማኋትም። በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ባለሁለት መስመር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ቢኒያም ነኝ አለኝ።

ቢኒያም በዚያ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ተቀበለኝና ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ቤት ወሰደኝ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ሲዘጋ በደመወዙ ምትክ ዕቃውን እንደሰጡት ነገረኝ። መሣሪያውን ሰካነው። ፊቱ ላይ ለመሞከሪያ የተሠራች ትንሽ ብረት አለች። የመለኪያውን ሽቦ እሷ ላይ ሳስይዘው ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ፣ ማዕዘኑ የቆመ መስመር ወጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ከጀርባው ተለጥፎ የነበረ ወረቀት በስለት ተፍቋል። ሙጫው ገና ጣት ላይ ይጣበቃል። አይቼ ዝም አልኩ። ብጠይቀው መልሱ ደስ እንደማይለኝ ስለገባኝ ነው ዝም ያልኩት። ደረሰኝም አልጠየቅኩም። ከፍዬ፣ መሣሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ከሁለቱ የመለኪያ ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ መንጠቆ ተሰብሮ ነበር። ወደ ቀጨኔ አቅጣጫ ጥቂት እንደሄድኩ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ አየሁና ገባሁ። ስልሳ ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰውዬ አጎንብሰው ይሠራሉ። ለዚህ ሽቦ የሚሆን መንጠቆ ይኖርዎት እንደሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽቦውን አገላብጠው አዩና የምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም በኩራት ቦርሳዬን ከፍቼ መሣሪያውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰውዬው እጃቸውን ዘርግተው በስተቀኝ ያለውን ጥግ ዳሰሱት። እዚያ ጋ ፕላስቲኩ በብየዳ ካውያ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ያቃጠሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከአሥር ቀን በፊት ሱቃቸው ተሰብሮ ይሄው መሣሪያቸው መዘረፉን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ገዝቼው ነው ማለት ቀላል ነበር። ግን የተፋቀው ወረቀት ፊቴ ድቅን አለና ምላሴ ተሳሰረ። «እ... ማለቴ... አንድ ልጅ...» ብዬ ቀረሁ። ሰውዬው ጋሽ ታደለ ይባላሉ። ከመቀመጫቸው ተነስተው አንገትጌዬን ጨመደዱና እስከ በሩ ጎተቱኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረው አንድ ቃል ብቻ ጮኹ።

«ሌባ!»

ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ምን ያህል ሰው እንደሚሞላ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ጥፊ ከየት እንደመጣ አላየሁም። ጆሮዬ ጮኸ። ቀጥሎ የመጣው ቡጢ አፌ ላይ አረፈና ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲወድቁ ተሰማኝ። አንዱ ከኋላ ጉልበቴን ሲለኝ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጫማ ብቻ ነው። ሸራ ጫማ፣ ቆዳ ጫማ፣ የሴት ኮንጎ ጫማ። ጎኔን በረገጡኝ ቁጥር ትንፋሼ ይቋረጣል። አንዱ ዱላ ይዞ ጀርባዬን ይወቅጠኛል፣ ሳይቸኩል፣ ቦታ እየመረጠ። ለመናገር አፌን ስከፍት ደም ሞላው።

ከዱላው በላይ ያስፈራኝ ወሬያቸው ነው። አንዱ የእህቴን ስልክ የነጠቃት ይሄው ነው አለ። ሌላው እኔም አውቀዋለሁ አለ። በሕይወታቸው አይተውኝ አያውቁም። እጁን ስበሩት የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አንድ ከባድ ጫማ ቀኝ እጄ ላይ ቆመና ጣቶቼ ቀጭ አሉ።

መሃል ላይ የጋሽ ታደለን ድምፅ ለየሁት። በቃ፣ ለፖሊስ እንስጠው እያሉ ይለምናሉ። የሰማቸው የለም። እንዲያውም አንዱ፣ አባት ዞር ይበሉ ብሎ ገፈተራቸው። ነገሩ የእሳቸው ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ደም በጋረደው ዓይኔ ቀና ስል ቀይ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ የኮብልስቶን ድንጋይ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው የነበረው። ሰላም ቤት ውስጥ አሁን ምን እያደረገች ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ከዚያ ከባድ ነገር ላዬ ላይ ወደቀ። ድንጋዩ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደለ ናቸው። በሙሉ ሰውነታቸው ተኝተውብኝ ጭንቅላቴን በደረታቸው ሸፈኑት። ድንጋዩ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁት። አልጮኹም። ጆሮዬ ሥር ረጅም ትንፋሽ ብቻ አወጡ።

ጫጫታው ተቋረጠ። አንድ ሰው፣ ባለሱቁን መታው እኮ አለ። ሰዉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ባለቀይ ጃኬቱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በሰው መሃል ገብቶ ጠፋ።

ከጥገናው ሱቅ ጎን የሀገር ልብስ የሚሸጡ እትዬ ዛፉ የሚባሉ ሴት አሉ። ሁለታችንንም እየጎተቱ ሱቃቸው አስገቡንና የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት። ያልተሸጠ አዲስ ነጠላ ከመደርደሪያ አውርደው ቀደዱና ግንባሬን አሰሩልኝ። ውጭ ያልጠገቡ ነበሩ፤ በሩን ይደበድባሉ። እትዬ ዛፉ የጨርቅ መቀሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«የሚገባ ካለ በእኔ ላይ አልፎ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ጸጥ አለ።

እኔና ጋሽ ታደለ መሬት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ቀኝ ክንዳቸው እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል።

«አንተ ነህ የወሰድከው?» አሉኝ።

«አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎት ስል አንገቴን ያዙኝ።»

 ስልኬ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ይሠራ ነበር። ከቢኒያም ጋር የተጻጻፍነውን አወጣሁ። የእሳቸው መነጽር ስለጠፋ እትዬ ዛፉ አነበቡላቸው። ሲያልቅ ጋሽ ታደለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «የሰረቀ ሰው መልሶ ለእኔ ያመጣዋል እንዴ?» አሉ፣ ለራሳቸው። እያለቀሱ ነበር። እኔም የተፋቀውን ወረቀት አይቼ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። በዚያች ሰዓት ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ብቻቸውን ጥፋተኛ ሆነው እንዲቀሩ አልፈለግኩም መሰለኝ።

ፖሊስ መጣ፣ ቃላችንን ሰጠን፣ በአንድ መኪና ሆስፒታል ሄድን። ቢኒያም ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ያቺንም ክፍል ለጥቂት ቀን ነበር የተከራያት። እስካሁን አልተገኘም፤ ከደበደቡኝ ሰዎችም የተጠየቀ የለም። ግንባሬ ተሰፋ። ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ፣ ሁለት ጣቴ ተሰበረ። ጥርሴን የተከሉልኝ የራሳችን ክሊኒክ ሐኪሞች ናቸው። ካርዴን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ በግራ እጄ እየጻፍኩ። የጋሽ ታደለ ትከሻ በብረት ተያያዘ። ክንዳቸው ግን ዛሬም ከደረታቸው በላይ አይነሳም።

ሦስት ወር ያህል ቆይተው ደወሉልኝ። ማጉያህን ይዘህ ና አሉኝ። ሰላም እንዳልሄድ ለመነችኝ። ሄድኩ። ያ መሣሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። እሳቸው እየነገሩኝ አንዱን ሽቦ የማጉያው መግቢያ ላይ፣ አንዱን መውጫው ላይ አስያዝኩ። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲወጡ ጉዱ የት እንደሚጀምር ታየን። ግራውንድ የሚሉትን የጋራ መመለሻ ሽቦ ያለቦታው በይጄው ነው። በቴስተር ስንት ቀን የፈለግኩት ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ የትኛውን ኦሲሎስኮፕ ብገዛ እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። ለድምፅ ሥራ ያ ሁሉ ፍጥነት እንደማያስፈልገኝ፣ ኪስ የሚገባው ትንሹ ይበቃኝ እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። እኔ አልሳቅኩም። እሳቸውም ሳቃቸውን ወዲያው ዋጡት። ትንሹን ከሱቅ ገዛሁ።

ይቅር ብያቸው እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አንዳንድ ቀን አዎ ብያለሁ። አንዳንድ ቀን ያቺ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ትሰማኝና ሱቃቸው በር ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። ሊያስገድሉኝ የነበሩትም፣ ያተረፉኝም አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱን ለያይቼ ማየት አቅቶኛል።

ባለፈው ወር ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ውጭ «ሌባ» የሚል ጩኸት ተነሳ። ሩጫ፣ ከዚያ የዱላ ድምፅ። ልነሳ ፈለግኩ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አሥር እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፣ ግን ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ታደለ ካውያቸውን አስቀምጠው፣ የማይነሳውን ክንዳቸውን በደህናው ደግፈው ወጡ። ከዱላው ድምፅ በላይ የእሳቸው ድምፅ ይሰማኛል። ትቆማላችሁ ወይስ እንደገና እኔን ትመታላችሁ ይላሉ።

ሲመለሱ አፍንጫው የደማ ሰውዬ ይዘው ነበር። እኔ አጠገብ አስቀመጡት። ሰርቆ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው የተገኘው» አሉኝ። «ፖሊስ እየመጣ ነው። እስከዚያው ውሃ ስጠው።»

ያን ጊዜ እግሬ ታዘዘኝ። ተነስቼ ውሃ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ቀዳሁለት።