ሦስተኛዋ ሽቦ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ልሞት ስለነበር ብቻ አይደለም። እኔ ልሞት ስል አዳራሹ ሙሉ ሰው እልል ይል ስለነበር ነው።

ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ገርጂ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ላይ የመጨረሻው ፎቅ በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ። ከዚያ በፊት ከነበረው ክረምት ወዲህ ጊታሩ የሚሰካበት የድምፅ ማጉያ፣ እኛ አምፕ የምንለው፣ አመል አምጥቶ ነበር። ምንም ሳልጫወት ዥዥዥ ይላል። መዝሙር ላይ ከበሮው ይሸፍነዋል። ፓስተራችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “አሁን በጸጥታ እንጸልይ” ሲሉ ግን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ሰው አንድ ዓይኑን ገለጥ እያደረገ ያየኛል።

ያላደረግኩት የለም። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ድረስ ሄጄ አዲስ ገመድ ገዛሁ። የጊታሩን ድምፅ በእግር የምቀይርባቸውን ፔዳሎች አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሞከርኩ። የአዳራሹን አምፖሎች አጠፋሁ፣ የሰዉን ስልክ አስጠፋሁ። ዥዥዥ። ጭራሽ አንድ እሁድ ፓስተር ጉባኤው ስለ አምፑ እንዲጸልይ አደረጉ። ጠጋኝ ነኝ ብዬ ለምኩራራ ሰው ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም።

በመጨረሻ የሙዚቀኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። አንዱ የማላውቀው ሰው ሦስተኛዋን ሽቦ ቁረጣት፣ ወዲያው ጸጥ ይላል አለኝ። ሦስተኛዋ ሽቦ ማለት መሰኪያው ውስጥ ያለችው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት ናት። ከዕቃው ያመለጠ ኮረንቲ ካለ ወደ መሬት ታወርደዋለች። ሥራዋን አጥቼው አይደለም። ግን በየቤቱ ስንት ዕቃ ያለ እሷ ይሠራ የለ እንዴ?

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩና መሰኪያውን ፈትቼ በመቀስ ቆረጥኳት። የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ አስፋው በሩ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ጋሽ አስፋው አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አዳራሻችን ገብተው አያውቁም። ፕሮግራማችንን ደጃፉ ላይ ባለች ወንበራቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ነው የሚከታተሉት።

“ያቺን ለምን ቆረጥካት?” አሉኝ።

“ድምፅ ታመጣለች፣ ጋሼ።”

“እኔ ሾላ ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። እሷ የሌለችው ሞተር ሰው ይዞ ሲያስቀር አይቻለሁ።”

ይሄ እኮ ወፍጮ አይደለም አልኳቸውና ሳቅኩ። አምፑን ሳበራው ጭጭ አለ። በደስታ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ተጫወትኩ።

በማግሥቱ ፓስተር ጸሎታችን ተመለሰ ብለው አመሰገኑ፣ ሰዉም እልል አለ። የመቀሱን ነገር እኔም አላነሣሁም።

ሦስተኛው መዝሙር ላይ አዝማቹን የምቀበለው እኔ ነኝ። ግራ እጄ ክሮቹ ላይ እንዳለ በቀኝ እጄ የማይኩን የብረት ማቆሚያ ወደ እኔ ሳብኩት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እጆቼ አልታዘዝ አሉኝ። አንድ ነገር ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው ደረቴን አቋርጦ ሄደና እዚያው ቀረ። ልለቅ ብል ጣቶቼ ጭራሽ ይጨብጣሉ። መንጋጋዬ ተቆልፏል፣ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ እኔም የመንፈስ ነገር መስሎኝ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው የገባኝ።

እኛ ዘንድ በመዝሙር መሐል ሰው መንቀጥቀጡ ብርቅ አይደለም። እኔ ደግሞ ስዘምር ቀዝቃዛ ነው እየተባልኩ የምታማ ሰው ነኝ። ዛሬ ገና ተነካ ያሉ ይመስለኛል። እልልታው ቀለጠ። ከበሮ መቺው ፍጥነቱን ጨመረ። ከፊት የተቀመጡ እናቶች እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው “ጨምርለት ጌታ ሆይ፣ ጨምርለት” ይላሉ።

በዚህ መሐል ፓስተር በአንድ እጃቸው ማይካቸውን እንደያዙ፣ ሌላውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። እጅ ሊጭኑብኝ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ልባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ከነኩኝ እሳቸውንም ይይዛቸዋል። አይንኩኝ ልል ሞከርኩ። ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ቃል ያልሆነ ጩኸት ነው። እሱንም በልሳን መናገር አድርገው ወሰዱትና ሃሌሉያው በረታ።

የሚታዘዘኝ ዓይኔ ብቻ ነበር። ወደ በሩ አየሁ። ጋሽ አስፋው ከወንበራቸው ተነሥተው ትክ ብለው ያዩኛል። የፓስተር እጅ ስንዝር ያህል ሲቀረው ከበሩ ላይ አጣኋቸው። ጥለውኝ የሄዱ መሰለኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ፤ ፓስተርንም ይዤ ልሄድ ነው።

ድንገት መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ጣቶቼ ተፈቱና ከነጊታሬ ወደቅኩ። ፓስተርም እጃቸውን ግንባሬ ላይ ያሳረፉት ያኔ ነው።

ሰዉ እንደወትሮው መብራት የሄደ መስሎት መዝሙሩን በጭብጨባ ቀጠለ። ጋሽ አስፋው በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

“ዋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጁን ኮረንቲ ይዞት ነው” አሉ።

ጭብጨባው ቆመ። 

ሐኪም ቤት ሄጄ ልቤ ደህና ነው ተባልኩ። መዳፌ ላይ ብቻ ጠባሳ ቀረ። በኋላ አምፑን የከፈተው ባለሙያ፣ ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶበት ውስጡ እንደረጠበና ኮረንቲ ያመልጠው እንደነበር አሳየኝ። ሽቦዋ ስትቆረጥ ያመለጠው ኮረንቲ መውረጃ አጥቶ የጊታሩ ክሮች ላይ ቀረ፣ የማይኩን ብረት ስይዝ በእኔ በኩል ወደ መሬት አለፈ። “ዥዥታው እኮ እሱ ነበር፤ ሽቦዋ ክረምቱን ሙሉ ስትነግርህ ከረመች” አለኝ።

ጋሽ አስፋው የመቀሱን ነገር ለማንም አልተናገሩም። ፓስተር ምን ተፈጥሮ ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ እሱ ራሱ ይንገራችሁ ብለው አለፉ። በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የባሰ ተንቀጥቅጫለሁ።

ስወጣ ጋሽ አስፋውን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንዴት እርስዎ ብቻ አወቁ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“በየእሁዱ አያችኋለሁ” አሉኝ። “መንፈስ ነካን ስትሉ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። አንተ ግን ታፈጥብኝ ነበር።”

ዛሬ ሽቦዋ ቦታዋ ተመልሳለች። አምፑ ተጠግኖም ትንሽ ዥ ይላል፤ ስሰማው ደስ ይለኛል። በጸጥታው ጸሎት ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እኔ አንዱን ገለጥ አድርጌ ወደ በሩ አያለሁ። ጋሽ አስፋው እጃቸውን አጣምረው ከወንበራቸው ላይ ያዩናል። እሳቸውን ካየሁ በኋላ እኔም እጨፍናለሁ።